ሳፊያ የሮጠችበት ጫካ

የሳፊያን ማረፍ የሰማሁት ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለሁ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ወንድሟ ሙክታር ነበር። «ቲጂ» አለኝ።  «አባዮ አለፈች። ከዙህር ሶላት በኋላ እንቀብራለን» አለና ዘጋው። ሻጯ «ይመዘንልሽ?» አለችኝ። «መዝኚው» አልኳት። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ አራት ኪሎ ቲማቲም ተሸክሜ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ።

አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። እናቷ ሶማሌ፣ አባቷ ኦሮሞ ነበሩ፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው መጋላ ሰፈር ነው። ሲላት በአንዱ፣ ሲላት በሌላው ቋንቋ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። በሥራ ቦታችን ትልቁም ትንሹም አባዮ ነበር የሚላት። በአሥራ አምስት ዓመት ብትበልጠኝም ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውምና አንቺ እያልኳት ኖርኩ።

የምንሠራው በአንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ነው። የድሬ ሙቀት አልበቃ ብሎ እኛ ደግሞ ከፈላ ውኃና ከካውያ ጋር እንውላለን። አንሶላ፣ ጋውን፣ የትራስ ልብስ፤ ደም የነካው ለብቻ፣ ያልነካው ለብቻ። እኔ እዚያ የተቀጠርኩት የሁለት ዓመት ልጄን በቀበርኩ በሦስተኛው ወር ነበር። ስለ እሱ እዚህ ብዙ አልልም። የልጆች ክፍል አንሶላ በመጣ ቁጥር ግን ሥራዬን ትቼ ወደ ግቢው እወጣ ነበር። ሳፊያ ምንም አልጠየቀችኝም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የልጆች ክፍል ጥቅል ሲወርድ ቀድማ እየተነሳች ወደ ራሷ ገንዳ ትወስደው ጀመር። በሳምንቱ ልንወጣ ስንል ጠራችኝ።

«ነገ ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ በርሽ ላይ ነኝ። ጫማ አድርጊ።»

«የት ልንሄድ?»

«ልንሮጥ።»

«ከማን?» አልኳት ከልቤ።

ከት ብላ ሳቀች። «ከማንም! ዝም ብሎ ሩጫ።»

ያበደች መሰለኝ። ግን በዚያን ጊዜ ለእኔ መተኛትም መነሳትም አንድ ስለነበር ተነሳሁ።

ጫካው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋሂል በሚወስደው መንገድ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነበር። ጫካ ስል የደጋ ሰው እንዳይስቅብኝ፤ ዳር እስከ ዳሩ የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ጎርፉ ከኮረብታው ሲወርድ መንደሩን እንዳይጠርግ ብለው የድሮ ሰዎች የተከሉት የኒም ዛፍ ነው። በመሐሉ ማንም ያልተከላቸው ግራሮችና ቁርቁራዎች በቅለውበታል። ሌላው አገር ሁሉ ድንጋይና አሸዋ ሆኖ ሳለ እዚያ ስትገቢ አየሩ ይለወጣል። መሬቱ ለስላሳ ነው፤ የዓመታት ቅጠል ተነጥፎበታል። ጅግራ ከእግርሽ ስር ቡር ብላ ትነሳለች። ጦጣዎቹ ከላይ ሆነው ይሳደባሉ።

ሳፊያ የድሪያ ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወገቧ ላይ ትቋጥራለች። ከስር የወንድ ቱታ ሱሪ አላት፤ እግሯ ላይ ደግሞ ከቀፊራ የተገዛ ሸራ ጫማ። «ቢስሚላህ» ትልና ትጀምራለች። ፈጣን አልነበረችም። ወፍራም ናት፣ ደረቷ ከባድ ነው፣ ስትሮጥ እጆቿን እንደ ዋናተኛ ወደ ጎን ትቀዝፋለች። ግን ፊቷን ማየት ነበር! ያ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት የሚቀላው፣ የደከመው ፊቷ እዚያ ሲደርስ የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ይሆናል። ግንዶቹን በመዳፏ ቸብ ቸብ እያደረገች ታልፋቸዋለች፤ የሰፈሯን ሰው ሰላም እንደምትል ሴት።

የመጀመሪያው ቀን መቶ ሜትር ያህል ሮጬ ተንበረከክሁ። ከዚያ አለቀስኩ። በልጄ ቀብር ላይ ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ ቅጠል ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም፤ እኔን መሐል አድርጋ በዛፎቹ ዙሪያ መሮጧን ቀጠለች። በየዙሩ ስታልፍ እግሯ ይሰማኛል። ሳበቃ መጥታ አነሳችኝ። «ሱታ ሱታ» አለችኝ በኦሮምኛ፤ ቀስ በቀስ ማለቷ ነው። በሚቀጥለው ቀን ሁለት መቶ ሜትር ሮጥኩ።

ሩጫ ማን እንዳስተማራት አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። «ጥበቃው» አለችኝ። ልጅ ሳለች እንጨት ልትለቅም ስትገባ የደን ጥበቃው በዱላ አባረራት። ሸክሟን ጥላ በረረች። «ሮጥኩ፣ ሮጥኩ፣ ሮጥኩ። ዞር ብዬ ባይ ሰውዬው የለም። ደክሞት ድሮ ተመልሷል። እኔ ግን ለምን እንደምቆም አላወቅሁም፤ ጣፈጠኝ!» በማግስቱም ሄደች። እንጨት ሳትለቅም ብቅ ብላ ታየውና እንዲያባርራት ትጠብቃለች። «መጨረሻ ላይ ሰለቸው። ‘ነዪ ግቢ፣ እንደፈለግሽ ሩጪ፣ እኔን አትጥሪኝ’ አለኝ፤ አላህ ይማረው።»

ከዚያ ተዳረች፣ ተፋታች፣ እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ ሆስፒታሉ ገባች። ሩጫውን አልተወችም። ሰዓት አትይዝም፤ ርቀት አትለካም። አንድ ጊዜ ጫካው ዳር የሚለማመድ ወጣት በስልኩ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጥን ሊያሳየን ቢሞክር እጁን ገፋችው። «የኔ ልጅ፣ ስንት ጉርሻ እንደበላህ ትቆጥራለህ?» አለችው። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሙክታር ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ይኖራል። እህቱ በጠዋት ጫካ እንደምትሮጥ የሰማው ከተሳፋሪ ነው። በዚያው ንዴት ባጃጁን የሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ እጥበት ክፍል ድረስ መጣ።

«ሰው ምን ይላል አባዮ? በዚህ ዕድሜሽ!»

«በዚያ ሰዓት ሰው ተኝቷል» አለችው፣ ካውያውን ሳታቆም። «ያልተኛ ካለ ይምጣና አብሮን ይሩጥ።»

እጥበት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሙክታርም ሊቆጣ ከፍቶት የነበረውን አፉን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ቤንዚን ባገኘ ቀን እሱ ራሱ እስከ ወንዙ ያደርሰን ጀመር።

አራት ዓመት እንዲህ ሮጥን። ደስታ የሚባለውን ነገር በሕይወቴ አውቀዋለሁ የምለው በእነዚያ ጠዋቶች ነው። ምንም አልነበረውም እኮ፤ ቅጠል፣ ትንፋሽ፣ የሁለት ሴቶች ኮቴ። ላብ በላብ ሆነን ወንዙ አሸዋ ላይ እንቀመጥና ሳንቡሳችንን በልተን ወደ ሥራ እንሄዳለን። አልፎ አልፎ ልጄን ሳላስታውስ የጨረስኩት ሩጫ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ደንግጬ እቆማለሁ። እሷ ይገባታል። «ይቅር ይልሻል፤ ልጅ እናቱ ስትሮጥ ደስ ይለዋል» ትለኛለች።

ከዚያ ያ ትንኝ የሚያመጣው ቺኩንጉንያ የሚሉት በሽታ ገባ። የድሬ ሰው ያውቀዋል። ከተማው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎበጠ። ጎረምሳው እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል፤ ቤት ያላዳረሰው የለም። እኔንም አምስት ቀን ጥሎኝ ተነሳሁ። ሌላውም ተነሳ። ሳፊያ ግን አልተነሳችም። ትኩሳቱ ሄዶ መገጣጠሚያዋ ውስጥ የገባው ቀረ። ጉልበቷ አበጠ፣ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙ «በጥቂት ሰዎች ላይ እንዲህ ይቆያል፤ ታገሺ» አላት። ወር ታገሠች፣ ዓመት ታገሠች። ካውያ መያዝ ሲያቅታት ቁልፍ መትከል ሰጧት። መርፌ መያዝ ሲያቅታት ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። በሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድማ ትጠብቀኛለች። ስለ መድኃኒቱ ስጠይቃት እጇን ታወናጭፋለች።

«ተዪው እሱን። ሮጥሽ?»

«ሮጥኩ።»

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ወንዙን ስትሻገሪ አሸዋው እርጥብ ነበር?»

እነግራታለሁ። የትኛው ግራር እንዳበበ፣ ቁርቁራው ማፍራት አለማፍራቱን፣ ጅግራዋ ጫጩቶቿን አስከትላ መታየቷን። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠኛለች፤ እግሮቿ ብርድ ልብሱ ስር ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ስል ብቻዬን መሮጥ ቀጠልኩ። ለእሷ የምነግራት እንዳላጣ አጥብቄ አይ ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ወንዙ ጋ ስደርስ የማሽን ድምፅ ሰማሁ። ለመጋዘን ቦታ ተሰጥቷል አሉ። የወረቀቱን ጉዳይ እኔ አላውቅም። የማውቀው ያየሁትን ነው፤ በዚያን ዕለት ግማሹ ወድቆ ነበር፣ በሳምንቱ የቀረው። ከሰልና እንጨት የሚጭኑ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ጦጣዎቹ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ፤ አይጮሁም።

ቅዳሜ ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። ሙክታር ግቢው በር ላይ ጠበቀኝ። ሰምቷል፤ ባጃጅ የሚነዳ ሰው የማይሰማው የለም።

«እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ሌላ ምን ቀራት?»

ገባሁ። ያን ቀን ሻል ብሏት ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ በርቷል። «ኒሙ አበባውን አራገፈ ወይስ ገና ነው?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። «አራገፈ፤ መሬቱ ነጭ ሆኗል» አልኩ።

አንዴ ከጀመርሽ ውሸት ቀላል ነው። አራት ወር ሙሉ የሌለ ጫካ ውስጥ ሮጥኩላት። ቅዳሜ ጠዋት ተኝቼ አረፍዳለሁ፤ በመንገዴ ላይ የምነግራትን አሰናዳለሁ። ጦጣ አስወለድኩ፣ ዝናብ አዘነብኩ። አንዳንዴ ከእውነተኛው ይልቅ ያማረ ይሆንብኝ ነበር። ያ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ።

ከኢድ በኋላ በመጋቢት ላይ ጉልበቷ ትንሽ ተለቀቀላት። ሙክታርን ውሰደኝ ማለት ጀመረች። አንድ ሰሞን ቤንዚን የለም አላት። ሌላ ጊዜ ጎማው ተበላሽቷል አለ። በሦስተኛው እኔ ባለሁበት፣ «ሮጣለሁ አላልኩም፤ አንዱ ዛፍ ስር አስቀምጡኝና ተመለሱ» ብላ እንደ ልጅ ተማጠነችው። ሙክታር ወደ እኔ አየ። ፊቱን አዙሮ ወጣ። መናገሩ ለእኔ ቀረ።

«አባዮ፣ ጫካው የለም።»

«የት ሄዶ?»

«ቆረጡት።»

«መቼ?»

«በኅዳር።»

በማይታጠፉት ጣቶቿ ወራቱን ቆጠረች፤ እያንዳንዱን ጣት በሌላው እጇ መዳፍ እየነካች። 

«መርዶዬን አራት ወር ደበቃችሁኝ» አለች። ድምፅዋ አልከፋም፤ ያ ነው የገደለኝ። «ሰው ቢሆን ኖሮ ተነግሮኝ አልቅሼ፣ ሦስት ቀን ተቀምጬለት፣ ወጥቶልኝ ነበር። አሁን በየቱ ቀን ላልቅስ?»

ይቅርታ ጠየቅኳት።  «ያም ሆኖ ውሰዱኝ» ብቻ አለች።

ሙክታር ተሸክሞ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጣት። ወንዙን ተሻገርን። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በውስጡ የተደለደለ ቀይ መሬትና የብረት ምሰሶዎች ይታያሉ። ሞተሩን እንዲያጠፋው ነገረችው። ፀጥ አለ። ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ ሌላ ምንም የለም።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ወጣት ልጅ ነው። መጥቶ፣ «እዚህ መቆም አይቻልም እናቴ» አለ በትህትና።

«እሺ ልጄ፣ እንሄዳለን። ዛፎቹን አይተሃቸው ነበር?»

«የምን ዛፍ?»

«እዚህ የነበሩትን።»

«እኔ ከገጠር ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው።» ወደ ኋላው ዞር ብሎ ሜዳውን አየ። «ዛፍ ነበረ እንዴ እዚህ?»

ሳፊያ ልትመልስለት ፈልጋ ተወችው።  «ሙክታር፣ ቤት ውሰደኝ» አለች። በመንገድ ላይ እጄን ይዛ ነበር፤ መያዝ ከተባለ፣ ደረቅ መዳፏን በእጄ ላይ ጭናው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሮጥሽ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን አልተውኩም፤ ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ እጥበት ክፍሉ እናወራለን፣ ስለ አዲሷ ሠራተኛ፣ ስለ ውኃ መጥፋት። ትስቅም ነበር። ግን እግሮቿ ብርድ ልብሱ ስር መንቀሳቀስ አቁመው ነበር። ለሕመሙ የምትውጠው ኪኒን ጨጓራዋን እየበላው እንደነበር ማናችንም አላወቅንም። ከዚያ ቀን በሰባተኛው ወር ደም አስመለሳትና ወደ ሆስፒታላችን መጣች፤ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ በሽተኛ።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሴቶች ክፍል ገባሁ። ከንፈሯ ነጥቷል። አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችው።

«አንቺ ነሽ የተኮስሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠርዙን ገና አልቻልሽበትም» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ልነሳ ስል፣ «ቲጂ» አለችኝ። «እስቲ ያንን ውሸትሽን ንገሪኝ።»

«የቱን?»

«የጫካውን። ከመጀመሪያው፤ ከወንዙ።»

ልጀምር ፈለግሁ። እምላለሁ፣ ፈለግሁ። አራት ወር እንደ ጉድ ስፈጥረው የነበረው ሁሉ አንድም አልመጣልኝም። ዓይኔ ላይ ያለው ቆርቆሮው ነው፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው «ዛፍ ነበረ እንዴ» የሚለው ነው። ደግሞም አፈርኩ፤ እንዴት ደግሜ ልዋሻት?  አጠገቧ ያሉት በሽተኞች እየሰሙኝ መሰለኝ።

«ነገ እነግርሻለሁ፤ አሁን ዕረፊ» አልኳት።

«እሺ፣ ነገ» አለች።

ነገ ቅዳሜ ነበር። ከገበያ በኋላ ልሄድ አስቤ ቀፊራ ወጣሁ።

ቀብሩ የወንዶች ነው፤ እኔ መጋላ ግቢያቸው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ አልኩ። አንዷ ዘመዷ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የሥራ ጓደኛዋ ነኝ አልኩ። ስለ ሩጫው ልነግራት አሰብኩ፣ ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅሁም። ቦታው ከሌለ ነገሩ ተረት ይመስላል። ሙክታር ሲመለስ ሱሪው አፈር ነክቶታል። ያን ዓርብ እህቱ ምን እንደለመነችኝ እስከ ዛሬ አላወቀም።

ከሳምንት በኋላ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ በጠዋት ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። የምሄድበት ስለሌለ በአስፋልቱ ዳር ጀመርኩ። እግሬ ጠንካራው ላይ ሲያርፍ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። ውሾች ተከተሉኝ። ዳቦ ቤት ደጃፍ የተሰለፉ ሴቶች ዞረው አዩኝ። አንድ ግንድ፣ አንድ የምነካው ነገር ፈለግሁ፤ የመብራት እንጨት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ሮጥኩ፤ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ሮጥኩ፣ ያ ስሜት ይመጣ እንደሆን ብዬ። አልመጣም።

አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀንሶ አጠገቤ መጣ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«እህቴ፣ አውቶብስ አመለጠሽ እንዴ? ግቢ፣ እንደርስበታለን!»

ቆምኩ። እያለከለክሁ አየሁት። ከልቡ ነበር፤ ሊረዳኝ ነው። በዚህ ከተማ በዚህ ሰዓት የምትሮጥ ሴት ሌላ ምን ትሆናለች? ገባሁ። እሱ ነዳጅ እየጨመረ በየማዞሪያው «ያኛው ነው? ያኛው ነው?» ይለኛል። እኔ «አይደለም» እላለሁ። ከዚራ ሰፈር ስንደርስ እዚህ አውርደኝ አልኩት። ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ስላልደረስንበት አዝኖ ነበር።

ወርጄ በእግሬ ቀስ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሮጬ አላውቅም።